የድሮ አርኬድ ማሽን ለመጠገን ምን ምን መሣሪያ ያስፈልጋል? ለጀማሪ የተዘጋጀ ማብራሪያ

እ.ኤ.አ. በ1972 አታሪ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ የመጀመሪያውን የ“ፖንግ” ማሽን (ሳንቲም ተቀብሎ የሚያጫውት የአርኬድ ማሽን) ለሙከራ ያስቀመጠው ካሊፎርኒያ፣ ሰኒቬል ከተማ በሚገኝ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ነበር። ብዙም ሳይቆይ “ማሽኑ ተበላሸ” የሚል መልእክት መጣ። ጨዋታውን የሠራው መሐንዲስ አል አልኮርን ሄዶ ከፈተው። ቦርዱ (ጨዋታውን የሚያስኬደው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ደህና ነበር። ማሽኑን ያስቆመው ከመያዣው ሞልቶ የተረፈው ሳንቲም ነው።

የአርኬድ ጥገና ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ማሽኑ ሞቷል ተብሎ ይከፈታል፤ የተገኘው ግን የተቃጠለ ፊውዝ፣ የላላ ሽቦ ወይም የቆሸሸ መገናኛ ይሆናል። ጀማሪዎች ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገዙት ሶልደር ማድረጊያ (ሶልደር የሚባለውን ብረት አቅልጦ ሽቦና ቦርድ የሚበይድ መሣሪያ) ነው። እኔ ይህን ቅደም ተከተል አልስማማበትም። ከመቀየርና ከመበየድ በፊት ማየትና መለካት ይቀድማል። መሣሪያዎቹንም በዚህ ቅደም ተከተል ነው የማነሣቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማሽኑ ውስጥ ምን አለ?

ከውጭ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ነው። ውስጡ ግን ከሚጠበቀው በላይ ባዶ ነው። ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ወደ ዝቅተኛ ቮልት የሚቀይር ፓወር ሰፕላይ አለ። ጨዋታው ያለበት ቦርድ አለ። ሞኒተር አለ። ጆይስቲክና በተኖች አሉ። ሳንቲም የሚቀበለው በር አለ። እነዚህን ሁሉ ደግሞ አንድ ጥቅል ሽቦ ያገናኛቸዋል።

ይህ የሽቦ ጥቅል ማሽኑ እንደተሠራበት ዘመን ይለያያል። ድሮ እያንዳንዱ አምራች የራሱ የሽቦ አቀማመጥ ነበረው። በ1985 ጃፓን ውስጥ “ጃማ” የሚባል የጋራ ደረጃ ወጣ። በዚህ ደረጃ ቦርዱ 56 መገናኛ ነጥቦች ባሉት አንድ ሶኬት ላይ ይሰካል። እያንዳንዱ ነጥብ ምን እንደሚያስተላልፍም የታወቀ ነው። ስለዚህ በ1991 የወጣውን “ስትሪት ፋይተር 2” የሚጠግን ሰው አብዛኛውን ሽቦ በቀላሉ ያገኘዋል። የእግር ምት በተኖቹ ብቻ በተጨማሪ መገናኛ ይመጣሉ። የ1980ውን “ፓክ-ማን” ወይም የ1981ዱን “ዶንኪ ኮንግ” የከፈተ ሰው ግን ያለዚያ ማሽን ንድፍ ብዙ ርቀት አይሄድም።

ንድፉ ራሱ መሣሪያ ነው። ብዙዎቹ የድሮ ማኑዋሎች ስካን ተደርገው ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ። የትኛው ነጥብ 5 ቮልት፣ የትኛው 12 ቮልት፣ የትኛው የሳንቲም ማብሪያ እንደሆነ በዚያ ላይ ሰፍሯል። ማሽኑን ከመክፈትህ በፊት አውርደው፤ ከቻልክ በወረቀት አትመው።

በመጀመሪያ ምን ልግዛ?

መልቲሜትር። ብዙዎች ቴስተር የሚሉት ነው። አንድ መሣሪያ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ይህን ይግዛ።

ለጀማሪ የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ዲሲ ቮልት፣ ኤሲ ቮልት፣ እና ሁለት ነጥቦች ሲገናኙ “ቲጥ” የሚል ድምፅ። ዲሲ ማለት አቅጣጫውን የማይቀይር ኤሌክትሪክ ነው፤ ቦርዱ የሚሠራው በዚህ ነው። ኤሲ ደግሞ አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚሄደው፣ ከግድግዳ የሚመጣው ነው። ድምፁ ደግሞ ሽቦ መሐል ላይ መቆረጡን ወይም አለመቆረጡን ይነግራል። በድምፅ ስትፈትሽ ማሽኑ መጥፋት ብቻ ሳይሆን ከግድግዳ መነቀልም አለበት።

መጀመሪያ ፊውዞቹን ፈትሽ። ፊውዝ በዓይን አይፈረድም። መስታወቱ ንጹሕ፣ ሽቦው ሙሉ መስሎ ጫፉ ላይ የተቋረጠ ፊውዝ ያጋጥማል። ከመያዣው አውጣና ሁለቱን ጫፎች ንካ። ድምፅ ካለ ደህና ነው። ከሌለ በትክክል ያንኑ አምፒርና ያንኑ ዓይነት ተካ። “በፍጥነት የሚቃጠል” እና “የሚዘገይ” ፊውዝ አንድ አይደሉም። የተተካው ወዲያው ከተቃጠለ ደግሞ ከፍ ያለ አምፒር ማስገባት መፍትሔ አይደለም። ፊውዙ ሥራውን ሠርቷል፤ የሆነ ቦታ ሾርት (መገናኘት የሌለባቸው ሽቦዎች ወይም መስመሮች መነካካት) አለ። ከፍ ያለውን ብታስገባ ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው ወይም ቦርዱ ነው።

ቀጥሎ 5 ቮልቱን ለካ። በዚያ ዘመን ቦርዶች ላይ ያሉት አብዛኞቹ ቺፖች የሚሠሩት ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ ነው። ከታች ከወረደ ጨዋታው ይንተፋተፋል፤ እንግዳ ምልክት ያሳያል፤ ራሱን እያጠፋ ይነሣል። ከላይ ከወጣ ቺፖቹን ይጎዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ልኬቱ የሚወሰደው ፓወር ሰፕላዩ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ላይ ነው። ፓወር ሰፕላዩ 5.05 እያሳየ ቦርዱ ጋ 4.6 ብቻ ሊደርስ ይችላል። የጎደለው በአሮጌ ሽቦና በቆሸሸ መገናኛ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ብዙ ፓወር ሰፕላዮች ቮልቱን ከፍና ዝቅ የምታደርግ ትንሽ ማዞሪያ አላቸው። መገናኛው ሳይጸዳ እሷን አትንካ። በኋላ መገናኛው ሲጸዳ ቮልቱ በድንገት ከፍ ሊል ይችላል።

“ፓክ-ማን” ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የዚህ ጨዋታ ቦርድ ኤሲ ተቀብሎ ወደ 5 ቮልት ዲሲ የሚቀይረው ራሱ ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ ኃይል በቦርዱ ጠርዝ መገናኛዎች በኩል ያልፋል። ከዓመታት በኋላ እነዚያ መገናኛዎች ይግላሉ፤ ይጠቁራሉ፤ አንዳንዴም ይከስላሉ። ቦርዱ ሞተ የሚባለው ጨዋታ ብዙ ጊዜ ኃይል ያጣ ጨዋታ ነው።

መልቲሜትር ስትገዛ ለግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚበቃ የደህንነት ደረጃ ያለው መሆኑን እይ። መሣሪያው ላይ “ካት 2” ወይም “ካት 3” የሚል ምልክት ይኖራል። እንደዚያም ሆኖ የሞኒተሩ ከፍተኛ ቮልት ላይ በፍጹም አይደረግም። ተራ መልቲሜትር የሚችለው 600 ወይም 1000 ቮልት ነው። ሞኒተሩ ውስጥ ያለው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

የእጅ መሣሪያዎችስ?

እዚህ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የተለያየ መጠን ያላቸው ካቻቢቴዎች፣ ሹል ጫፍ ያለው ፒንሳ፣ ሽቦ መቁረጫና መላጫ። አሜሪካ የተሠሩ ሣጥኖች ላይ ያሉት ብሎኖች በአብዛኛው በኢንች፣ ጃፓን የተሠሩት ደግሞ በሚሊሜትር ናቸው። የጃፓን የመስቀል ብሎን ከተለመደው ትንሽ ይለያል። ካቻቢቴው በደንብ ካልገባ አትታገል፤ ጭንቅላቱን ታበላሸዋለህ። አንዳንድ ብሎኖች ደግሞ ሌባ እንዳይከፍታቸው የኮከብ ቅርጽ ተደርገው መሐላቸው ላይ ጉብታ አላቸው። ለእነሱ ጫፉ ቀዳዳ ያለው መፍቻ ይገዛል።

ቁልፍ ከሌለህ በሩን ከመብሳትህ በፊት የሳንቲም መመለሻውን ቀዳዳ ፈትሽ። የሳንቲም በሩ ከተከፈተ ደግሞ ውስጡን እይ። የኋላ በሩን ቁልፍ እዚያ መንጠቆ ላይ ማንጠልጠል የቆየ ልማድ ነው።

ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ሁለቱን እጅ ነጻ ያደርጋል። ስልክህም ከምታስበው በላይ ይጠቅማል። ማንኛውንም ሽቦ ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሣ፤ በወረቀት ፕላስተር ላይ ስም ጽፈህ ለጥፍበት።

ጽዳት ጥገና ይባላል?

አዎ። የድሮ ማሽን ትልቁ ጠላት ዝገትና አቧራ ነው። የሚያስፈልገው ውድ ነገር አይደለም፦ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ንጹሕ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ የእርሳስ ላጲስ።

ቦርዱ ከሽቦው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ጠፍጣፋ ብረቶች አሉ። በጊዜ ብዛት ይደበዝዛሉ። በላጲስ ቀስ ብለህ አሻቸው፤ ከዚያ ፍርፋሪውን በአልኮል ጥረግ። የሶኬቱንም ጥርሶች አትርሳ።

ብዙ ቺፖች የተበየዱ ሳይሆኑ በሶኬት ላይ የተቀመጡ ናቸው። ማሽን ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቀስ በቀስ ከሶኬታቸው ይላላሉ። በቺፕ ማውጫ በጥንቃቄ አንሥቶ መልሶ መጫን ብቻውን የሚያስነሣው ጨዋታ አለ። ሁለት ነገር ጠብቅ። ቺፑ ጫፍ ላይ ያለችው ሥርጉድ ወዴት እንደምትመለከት በፎቶ ያዝ። ከመንካትህ በፊትም ሰውነትህ ላይ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ (ስታቲክ) ለማስወገድ ከመሬት ጋር የተያያዘ ብረት ንካ። አንዳንድ ቺፖች ላይ የተለጠፈ ወረቀት ታያለህ። እሱን አትላጥ። ከሥሩ ትንሽ መስኮት አለች፤ የጨዋታው ፕሮግራም በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚጠፋው በእሷ በኩል ነው።

የቆዩ ማሽኖች በተን ሥር ሁለት ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች አሉ። በተኑ ሲጫን ይነካካሉ። ካልሠሩ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሞረድ አትፈግፍግ፤ ላያቸው ላይ ያለውን ስስ ልባጭ ታነሣዋለህ። ወፍራም ወረቀት አልኮል ነክረህ በመሐላቸው አሳልፍ። ከዚያ ርቀታቸውን አስተካክል። ከዚህ በኋላ የመጡት ማሽኖች ያላቸው “ቀጭ” የሚሉ የተዘጉ ማይክሮ ማብሪያዎች ናቸው። እነሱ አይጠገኑም፤ ይቀየራሉ።

ቦርዱ ላይ ባትሪ ካለ ወዲያው እየው። ኒኬል ካድሚየም ባትሪ ሲፈስ የመዳብ መስመሮችን ይበላል። ባትሪው ተነሥቶ ቦታው በትንሽ ኮምጣጤ ይጠረጋል፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ፣ በመጨረሻም በአልኮል። እንዲደርቅ ጊዜ ስጠው።

ለአንድ የቦርድ ዓይነት ግን ይህ ምክር አይሠራም። ካፕኮም የተባለው አምራች የሠራቸው “ሲፒኤስ-2” ቦርዶች ላይ ያለው ባትሪ ጨዋታውን የሚፈታውን የምስጢር ቁልፍ በማስታወሻ ውስጥ ይይዛል። ባትሪው ሲነሣ ወይም ሲያልቅ ቁልፉ ይጠፋል፤ ጨዋታውም አይነሣም። ዛሬ ቁልፉን መልሶ የመጻፍ ዘዴ አለ። ለጀማሪ ግን የመጀመሪያ ሥራ አይደለም።

ሞኒተሩ ለምን ይፈራል?

ሊገድል ስለሚችል ነው። ይህን ክፍል ዘልለህ አትለፍ።

የድሮ አርኬድ ሞኒተር ትልቅ የመስታወት ቱቦ ነው። ምስሉ የሚፈጠረው ከቱቦው አንገት የሚወረወሩ ኤሌክትሮኖች የፊቱን ቀለም ሲመቱ ነው። እነሱን ለመሳብ ባለቀለም ሞኒተር ላይ ወደ 20,000 ቮልትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ይህ ቮልት በቱቦው ጎን ላይ በተለጠፈ የጎማ ክዳን ሥር ይገባል።

አደጋው ማሽኑ ሲነቀል አያበቃም። ቱቦው ራሱ ኤሌክትሪክ ያከማቻል። ከእሳት የወረደ ድስት እጅ እንደሚያቃጥል ሁሉ፣ የተነቀለ ሞኒተርም ለረጅም ጊዜ ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ከመንካት በፊት ያከማቸውን ማስለቀቅ ግዴታ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ቀላል ነው፦ ረጅም የፕላስቲክ እጀታ ያለው ቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ እና ሁለት ጫፉ ላይ መቆንጠጫ ያለው ወፍራም ሽቦ። ማሽኑ ከግድግዳ ይነቀላል። የሽቦው አንድ ጫፍ በሞኒተሩ የብረት ፍሬም ወይም ቱቦውን ከኋላ በሚያቅፈው የተጎነጎነ ባዶ ሽቦ ላይ ይቆነጠጣል። ሌላው ጫፍ በካቻቢቴው ብረት ላይ። ከዚያ ካቻቢቴው በጎማው ሥር ተንሸራትቶ መሐል ያለውን ብረት ይነካል። “ጧ” የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል፤ ላይሰማም ይችላል። አለመሰማቱ የሥራውን መሳካት አያረጋግጥም። ጥቂት ደቂቃ ጠብቀህ ድገመው፤ ቱቦው ውስጥ የቀረ ክምችት ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ለዚሁ የተሠራ የከፍተኛ ቮልት መለኪያም ይሸጣል። እሱ ክምችቱን ቀስ አድርጎ ያወርዳል፤ ምን ያህል እንደቀረም ያሳያል። ሞኒተር ላይ ደጋግሞ መሥራት ለሚያስብ ሰው ይህ የተሻለ ነው።

ስትሠራ አንድ እጅህን ከኋላህ አድርግ። ኤሌክትሪክ ከእጅ ወደ እጅ ካለፈ መንገዱ በልብ በኩል ነው። ቀለበትና ሰዓት አውልቅ። ለስታቲክ ተብሎ እጅ ላይ የሚታሰረውን ማሰሪያ ሞኒተር አጠገብ አትልበስ፤ ሰውነትህን ከመሬት ጋር ያገናኛል። ብቻህን አትሥራ። የዓይን መነጽርም አድርግ፤ ቱቦው ውስጡ አየር የለውም፤ አንገቱ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ከተሰበረ ስብርባሪው ይፈናጠራል።

ሌላም አለ። ብዙ የአርኬድ ሞኒተሮች ከግድግዳ ኤሌክትሪክ ጋር በቀጥታ እንዳይገናኙ በመሐል የሚለያቸው ትራንስፎርመር ይፈልጋሉ። ሣጥኑ ውስጥ አለ። ሞኒተሩን አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ብትሰካው ግን መከላከያው የለም። ፍሬሙ ራሱ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል፤ ሞኒተሩም ሊቃጠል ይችላል።

ደስ የሚለው፣ ሳትነካው ብዙ መረዳት መቻሉ ነው። ምስሉ ወደ አንዲት አግድም መስመር ከተጠቀለለ፣ ምስሉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጋው ክፍል ነው የታመመው። ምስሉ ያለማቋረጥ የሚንከባለል ከሆነ የማመሳሰያ ሽቦውን ፈትሽ። አንድ ቀለም ብቻ ከጠፋ ሽቦው ወይም በአንገቱ ላይ ያለችው ትንሽ ቦርድ ይጠረጠራሉ። ምስል ከሌለ ክፍሉን አጨልመህ በቱቦው አንገት ውስጥ ብርቱካናማ ፍካት ካለ ተመልከት። ካለ፣ ቢያንስ ማሞቂያው እየሠራ ነው። ይህን ጽፈህ ለባለሙያ መስጠት ብቻውን ትልቅ እገዛ ነው። ጀማሪ ሞኒተሩን ለሌላ ሰው ቢተው ምንም ነውር የለውም።

ታዲያ ሶልደር መቼ ነው?

ለክተህ ያገኘኸው ችግር ሶልደር ሲጠይቅ። ያኔ ሙቀቱ የሚስተካከል ግዛ። በቀጥታ ግድግዳ ላይ የሚሰካው ርካሹ ዓይነት ሙቀቱን አይቆጣጠርም፤ የድሮ ቦርድ መስመሮችን ከቦታቸው ይልጣል።

ለድሮ ቦርድ እርሳስ ያለበት የሶልደር ሽቦ ይመረጣል፤ በመጀመሪያ የተሠሩትም በእሱ ነው። 63 በመቶ ቲንና 37 በመቶ እርሳስ የሆነው በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። የብረቱ ጫፍ ግን ከ320 እስከ 360 ቢሆን ይሻላል፤ ሥራው በአጭር ጊዜ ያልቃል፤ ቦርዱም አይጠበስም። ፍላክስ (ሶልደሩ በደንብ እንዲይዝ የሚቀባ)፣ የቀለጠውን የሚመጥ ፓምፕና የተጎነጎነ የመዳብ ጥብጣብ አብረው ይገዛሉ። መስኮት ክፈት፤ ስትጨርስ እጅህን ታጠብ።

መጀመሪያ በሞተ ቦርድ ላይ ተለማመድ። የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራህ ምናልባት የተሰነጠቀ ብየዳ ይሆናል። በአጉሊ መነጽር ስታየው በእግሩ ዙሪያ ቀጭን ቀለበት ይታያል። ትንሽ ፍላክስና አዲስ ሶልደር ይበቃዋል።

ሁለተኛው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚያከማች ክፍል) መቀየር ነው። ኤሌክትሮላይቲክ የሚባሉት፣ ትናንሽ ጣሳ የሚመስሉት፣ በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በዓመታት ይደርቃል። ማይክሮፋራዱ (የማከማቸት አቅሙ) ከአሮጌው ጋር እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ የሙቀት ደረጃው 105 ዲግሪ ይሁን። ጎኑ ላይ ያለው መስመር አሉታዊውን እግር ያመለክታል። ተገልብጦ ከገባ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ አንድ በአንድ ቀይር፤ ሁሉንም በአንዴ አውጥተህ ቦታቸውን አትፈልግ።

የከሰሉ የሽቦ መገናኛዎች ደግሞ ሶልደር አይፈልጉም። አዲስ ጫፍ በትክክለኛው መጭመቂያ ፒንሳ ይታሠርላቸዋል። በተራ ፒንሳ የተጨመቀ ጫፍ ዛሬ ቢሠራም ነገ ይላላል።

ለጊዜው ሳልገዛ ብቆይ የሚሻለው ምንድን ነው?

ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ምልክትን በስክሪን ላይ የሚያሳይ) እና የኢፕሮም (የጨዋታው ፕሮግራም የተጻፈበት ቺፕ) ማንበቢያ። ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ ግን የሚያሳዩትን ለማንበብ መጀመሪያ ቦርዱን ማወቅ ያስፈልጋል። በመሐል ያለው ድልድይ ሎጂክ ፕሮብ ነው። እስክሪብቶ የምታህል፣ ዋጋዋም ዝቅ ያለ መሣሪያ ናት። የቺፑን እግር ስትነካ ምልክቱ ዝቅተኛ፣ ከፍተኛ ወይም እየተለዋወጠ መሆኑን በመብራት ትነግራለች። በእነዚህ ቺፖች ከ0.8 ቮልት በታች ዝቅተኛ፣ ከ2 ቮልት በላይ ከፍተኛ ይባላል።

በ“ፓክ-ማን” ላይ እንሞክረው። ጨዋታውን የሚያስኬደው ዜድ80 የሚባል ቺፕ ነው። 5 ቮልቱ ትክክል ሆኖ ጨዋታው ካልተነሣ፣ 6ኛ እግሩን ንካ። የሰዓት ምልክቱ ያለማቋረጥ መምታት አለበት። ከዚያ 26ኛውን ንካ። ይህ እንደገና ማስነሻው ነው። ከፍተኛ ሆኖ መቆየት አለበት። ሁልጊዜ ዝቅተኛ ከሆነ ቺፑ ሥራ አልጀመረም፤ ስህተቱን ከእሱ በፊት ባለው መስመር ፈልግ። በየተወሰነ ጊዜ የሚመታ ከሆነ ደግሞ ቦርዱ ላይ ያለው የጠባቂ ክፍል ፕሮግራሙ እንደቆመ አይቶ ደጋግሞ እያስነሣው ነው። ያኔ የሚፈተሹት የፕሮግራሙና የማስታወሻው ቺፖች ናቸው፤ የኢፕሮም ማንበቢያ መግዣውም ጊዜ ያኔ ነው።